የሆራው ቦይ

ውሃ ሕይወት ነው ይባላል። አይደለም። ይህን የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት ስብሰባ ላይ፣ የታሸገ ውሃ ፊታቸው ተደርድሮላቸው ነው። እኛ ቤት ጥፋት ይዞ የገባው ድርቅ ሳይሆን ውሃ ነበር፤ ያውም በፍቅር የመጣ ውሃ።

በቀደም ጎረቤቴ ደጃፍ ላይ፣ በቀለም ቆርቆሮ የተተከለች የሎሚ ችግኝ አየሁ። የቅጠሎቿ ጫፍ እሳት እንደነካው ወረቀት ጠቁሯል። በአፈሩ ዙሪያ ነጭ ነገር ጋግሯል። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ጫር አደረግኩና ቀመስኩት። ጎረቤቴ በመስኮት እያየችኝ ነበር፤ ምን እንዳሰበች አልጠየቅኳትም። ጨው ነበር። በዚያ ጣዕም የልጅነት ሰፈሬ ከነጭንቀቱ መጣብኝ።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ፣ ብርዱ አልቆ ሙቀት በሚጀምርበት ተረተር ላይ ነበር። በዚያ ዓመት ታላቅ እህቴ ላይ ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። ባል የተባለው ወረኢሉ የሚኖር ከብት ነጋዴ ነው። እሷ ግን ባል አልፈለገችም፤ የፈለገችው ብርቱካን ነበር። ከችግኝ ጣቢያ አምጥታ ከቤታችን በታች ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ ተከለችው። አባቴ ሽማግሌዎቹን «ከፋሲካ በኋላ ኑ» ብሎ ሸኛቸውና እሷን ጠራት።

«ብርቱካኑ ከያዘልሽ መሬቱ ያንቺ ነው፤ ማንም አይነካሽም። ካልያዘ ግን እኔም ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ይይዛል፣ አባዬ» አለች።

እኔ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበርኩ። ከእህቴ ጋር አንድ መደብ ላይ ነው የምንተኛው፤ ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እንዳልነበራት ምስክሯ እኔ ነኝ።

በጋው ሲበረታ የምንጠጣው ምንጭ ቀጠነ። ለቤት እንኳ በወረፋ ሆነ። ያልቀጠነው ከቤታችን በላይ፣ ከተረተሩ ጎን የሚፈልቀው ሆራ ብቻ ነበር። ሆራ ጨው ያለበት ምንጭ ነው፤ የአገሩ ሰው በበጋ ከብቱን እየነዳ ያጠጣበታል። ከብቱ ጠጥቶ በወሩ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ወተቱም ይጨምራል። አባቴ ለከብት የሚሳሳ ሰው ስለነበር በሆራ ላይ የነበረው እምነት ከጸበል አያንስም። አንድ ቀን ዶማውን አንስቶ ከሆራው ወደ እህቴ ችግኝ ቦይ መቆፈር ጀመረ።

ጎረቤታችን ለሰፈሩ ልጆች ቁርዓን የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ ሸህ ነበሩ። አጥራቸውን ተደግፈው ሲያዩት ቆዩ።

«ምን ልታበቅል ነው? በሬ?» አሉት።

«ከብት ያሰባ ውሃ ችግኝን ምን ይለዋል፣ ሸህ?»

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «እሱስ እውነትህን ነው። ሆራ ያረጀውን በሬ ጎረምሳ ሲያደርግ አይተናል። አብሽሪ አንቺ ልጅ፣ ችግኝሽ ተነስቶ ሚስት ይፈልጋል!»

«ይቅርበት፣ ሸህ» አለች እህቴ። «ለእኔ የመጣው ይበቃል።»

ሁላችንም ሳቅን። ያቺ ሳቅ የመጨረሻችን ነበረች ብል ማጋነን ይሆናል። የዚያ በጋ የመጨረሻዋ ግን እሷ ነበረች።

ውሃው ሲደርስ የዛገ ብረት የመሰለ ሽታ ይዞ መጣ። እህቴ አቅጣጫውን በእጇ እየመራች ለእያንዳንዱ ችግኝ አከፋፈለችው። አባቴ ዶማውን ተደግፎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ቆመ። እንዲያ ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም።

ጥቂት ጊዜ ሁሉም ደህና መሰለ። ከዚያ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆነ።

«ጠምቶታል» አለ አባቴ። ቦዩን አሰፋው።

ቡናማው ከጫፍ ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሐል ገባ። የታችኞቹ ቅጠሎች መርገፍ ጀመሩ። እህቴ ገና ጎህ ሳይቀድ ትወርድና በጣቷ ትዳብሳቸዋለች፤ እኔ ከመደቤ ሆኜ የደረቀው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ስትመለስ እግሯ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ግራ ያጋባን እሱ ነው፤ እኛ ጭቃ ውስጥ እየሰመጥን ችግኙ በጥም ይሞታል።

«እትዬ፣ በዛበት ይሆን እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«አፍሽን ዝጊ! ሁዳዴው እያለቀ ነው፣ አይታይሽም?» አለችኝ። ከዚያ ሻሼን አስተካከለችልኝ፤ ይቅርታ መጠየቂያዋ ነበር። ሄዳ ቦዩን ከፈተችው።

አንድ ጠዋት የሸሁ ላም አጥር ጥሳ ገባች። እህቴ ዱላ ይዛ እየጮኸች ወረደች፤ የቀሩትን ቅጠሎች ልትጨርስባት ነው። አባቴና እኔ ተከተልን። ሸሁም ካባቸውን ሰብስበው፣ «አፉ በሉኝ! ላሜ ናት!» እያሉ ደረሱ።

ላሟ ቅጠል አልነካችም። አንገቷን ከችግኙ ሥር ዝቅ አድርጋ አፈሩን ትልሳለች። ዓይኗን ከድና፣ ምላሷ መሬቱን እየፋቀ፣ ከአንዱ ችግኝ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።

አባቴ የእህቴን ዱላ ከእጇ ወሰደ። አነሳው። ከዚያ አወረደው።

«ተዉአት» አለ። «ትላስ።»

ተንበርክኮ ከአፈሩ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገ። ተፋው።

«አሞሌ ነው የተከልኩላት» አለ። «ለልጄ አሞሌ ነው የተከልኩላት።»

«ያ ረቢ» አሉ ሸሁ። «እኔም አብሽሪ ብያት ነበር።»

ጨው የበዛበት አፈር ውሃውን ይዞ ለሥር እንደማይለቅ፣ ለጋ ሥር ደግሞ ጨርሶ እንደማይችለው፣ ብርቱካንም በዚህ ረገድ ከደካሞቹ አንዱ እንደሆነ በኋላ ከመጽሐፍ አነበብኩ። ያን ዕለት ግን የላሟ ምላስ በቂ ነበር። አባቴ ቦዩን በድንጋይ ደፈነው። ከሩቅ ምንጭ ጣፋጭ ውሃ እየተሸከምን አፈሩን አጠብን፣ አጠብን። ጨው ግን መምጫውን እንጂ መሄጃውን አያውቅም። ፋሲካ ደርሶ አለፈ።

ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ አክብረው መጡ። ትልቁ ሽማግሌ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ደረቅ እንጨት ተመለከቱና፣ «ይኸው፣ እግዜሩ ራሱ ፈረደ» አሉ።

«እግዜርን አታስገቡት» አለ አባቴ። «ያደረቅሁት እኔ ነኝ።»

«እሺ። እና?»

ከሆራው እስከ ጓሯችን ድንጋይ የፈለጠው አባቴ፣ ቃሉን የሚፈልጥበት ጉልበት አጣ። እህቴ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች። አላለቀሰችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ያዘች። በሰርጓ ቀን ጉንጯን ስሜ ስሰናበታት ጥፍሯ ውስጥ አሁንም አፈር ነበር።

አባቴ ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ወረኢሉ በአውቶቡስ ይሄድ ነበር፤ በቢጫ ጀሪካን የምንጫችንን ውሃ ሞልቶ። ረዳቱ ይስቅበታል። «አባባ፣ ወረኢሉ ውሃ ጠፋ አሉዎት?»

አንድ ጊዜ አብሬው ሄጄ ነበር። እህቴ በር ላይ ተቀበለችንና ጀሪካኑን አየች።

«አባዬ፣ እዚህ እኮ ቧንቧ አለ።»

«ቧንቧውን አልቀመስኩትማ» አላት።

ግቢዋ ሰፊ ነበር፤ አንድም ዛፍ የለበትም። ውሃውን ተቀብላ ጥቂቱን ሳፋ ላይ ገለበጠች፣ ዝቅ ብላ የአባቴን ጫማ አወለቀች፣ እግሩን በዚያ ውሃ አጠበችው። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

እናንተም ደጅ የሚጠወልግ ችግኝ ካለ፣ እባካችሁ ውሃ አትጨምሩበት። መጀመሪያ አፈሩን ቅመሱ።