ላይዳና መቅዘፊያ

ሞጣ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ያደግኩት ግን ቢቸና፣ አውድማ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ልቤም የቀረው እዚያው ነበር። ለአንዲት ልጅ ሽማግሌ ልኬ፣ አባቷ «እስኪ ልየው» ብለው እምቢም እሺም ሳይሉ አንጠልጥለውኛል። ምኔን ሊያዩ እንደፈለጉ አልገባኝም፤ ጫማዬን በየቀኑ እወለውላለሁ።

ጥቅምት ላይ መልእክት መጣ። ሰውየው በጌምድር ለዘመዳቸው ተዝካር ሊሄዱ በሞጣ ያልፋሉ። በጣሊያን ጊዜ በተሰበረው ድልድይ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ዓባይን መሻገር ለክብራቸው አልተስማማም። «መምህሩ ታንኳ ይቀዝፋል አሉ፤ እሱ ያሻግረኝ» ብለዋል።

ታንኳው የጤና ጣቢያው ሐኪም ንብረት ነው። ሐኪሙ ጣና ዳር ያደገ ሰው ነው፤ በእንጨት ታንኳው ለማዶ ሰዎች ክትባት ያደርሳል። አንዳንድ ቅዳሜ አብሬው እየወረድኩ ከፊት ሆኜ እቀዝፋለሁ፣ እሱ ከኋላ ይመራል። መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ መክተቱንና ወደ ኋላ መሳቡን አሳምሬ እችላለሁ። ችግሬ መጨረሻው ላይ ነው። ወገቤ ጋ ሲደርስ ቀስ ብሎ መውጣት ሲገባው፣ እጄ ሳላዘው ወደ ላይ ይወረውረዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ በላይዳ ምርቱን እያነሳሁ ለነፋስ ስሰጥ ኖሬ፣ እጀታ ያለው ሰፊ እንጨት ስይዝ እጄ ሌላ ሥራ አያውቅም። ውሃው ተነሥቶ ሐኪሙ ፊት ላይ ያርፋል።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ገለባ የለም እኮ!» ይለኛል ፊቱን እየጠረገ። «ወገብህ ጋ ሲደርስ በቃ! የላይኛውን እጅህን አዙርና በጠርዙ አውጣው። ውሃው ማውጣትህን እንዳይሰማ።»

ለተዝካር የሚሄድ ሰው ነጭ በነጭ ነው የሚለብሰው። የሚቀመጡትም ከጀርባዬ ነው። እሳቸውን ካራስኳቸው ልጅቱን አጣኋት ማለት ነው።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ በአከራዬ ላይዳ አየሩን ስቀዝፍ ሰነበትኩ። ሳብ፣ ወገብ፣ አዙር፣ አውጣ። አከራዬ ለጥቂት ቀን ከደጃቸው ሆነው አዩኝ።

«ልጄ፣ አውድማው ወዴት ነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«መቅዘፍ እየተለማመድኩ ነው፣ እትዬ።»

«በስመ አብ! ውሃውስ ወዴት ነው?»

በማግስቱ በራፌ ላይ ጠበል በጣሳ አስቀምጠውልኝ አገኘሁ። ጠጣሁት።

ቀኑ ደረሰ። ሰውየው ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የታንኳውን ሁለት ጠርዝ ጨብጠው ተቀመጡ። ሳብ፣ ወገብ፣ አዙር፣ አውጣ። አንዲት ጠብታ አልተረጨችም። ሐኪሙ ከኋላ «ጎበዝ!» ሲል ሰማሁት፣ እኔም ሠርጌን ማሰብ ጀመርኩ። መሃል ላይ ግን ወራጁ ውሃ ታንኳውን ገፋ ሲያደርገው ደነገጥኩና የተማርኩትን ሁሉ ረሳሁት። አንድ ሙሉ ላይዳ የዓባይ ውሃ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ሲወርድም እሳቸው ላይ ወረደ።

ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። ማዶ እስክንደርስ ከጋቢያቸው ጠብ ጠብ የሚለውን ብቻ እየሰማሁ፣ ልጅቱን በሆዴ ተሰናበትኳት። አልደብቅም፣ እንባዬ መጣ።

ከታንኳው ወርደው ጋቢያቸውን እየጨመቁ ትክ ብለው አዩኝ።

«ላይዳ ማን አስተማረህ?»

«አባቴ ናቸው፣ ጌታዬ።»

«እኔ እኮ ከጠመኔ በቀር የማትይዝ መስሎኝ ነው ያመነታሁት። ለተወለወለ ጫማ ልጄን አልድርም።» ጋቢያቸውን አራገፉ። «ነፋሱን ሳታይ መወርወርህን ግን አልወደድሁልህም። ሽማግሌዎችህን ላክ።»

ሠርጉ በጥር ሆነ። ከዚያ በኋላም ከሐኪሙ ጋር መቅዘፌን ቀጠልኩ፤ ከጠበሉ ይሁን ከሐኪሙ ስድብ እንጃ፣ የመቅዘፊያ አወጣጤ በመጨረሻ ጠራ። በዓመቱ አማቴ ለአውድማ ጠሩኝ። አፋቸውን ሞልተው አውርተውልኝ ኖሮ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የመምህሩን ላይዳ ለማየት ቆሟል። ነፋሱን አየሁ። ላይዳውን ጤፉ ውስጥ ከትቼ ሳብኩ፤ ወገቤ ጋ ሲደርስ እጄ ሳላዘው አዞረና በጠርዙ ቀስ አድርጎ አወጣው። ጤፉ አማቴ እግር ላይ ተዘረገፈ። አንዲት ገለባ አልበረረችም።

አማቴ እግራቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ጠላ ይዛ ከዳር ወደቆመችው ሚስቴ ዞሩ። ሆዷ ገፍቶ ነበር።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ።