ለአንድ ጠዋት የተዋስኋት እህቴ

ነገሩ የተጀመረው ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጣሊያን ቡሬ ከገባ ወዲህ ደህና ቤት ያለው ሰው ተኝቶ አያድርም ነበር፤ ምሽጉ ሞልቶ ሹማምንቱ ማደሪያ ይፈልጋሉ። የእኛ ቤት፣ እናቴ እስከ ዛሬ የምትኖርበት፣ ጥፋቱ የድንጋይ ግድግዳና ሰፊ እልፍኝ ያለው መሆኑ ነው። ቤታቸውን የተቀሙ ጎረቤቶቻችን ምርጫ ተሰጥቷቸዋል፦ ወይ ረግረጉ ዳር ጎጆ መቀለስ፣ ወይ በገዛ ቤታቸው ጓዳ ጭሰኛ ሆኖ መኖር። ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ መምህራችን ስለ መኖሪያ ቤት አማራጮች ሲያስተምሩ ብቻዬን የሳቅሁት ለዚህ ነው።

የዚያን ለት አባቴ ለእህል ንግድ ፈረስ ቤት ከተማ ሄዷል። እኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ከበር ጀርባ የምሸሸግ ዓይን አፋር ነበርሁ። ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት አዋላጅ ቁና ቁና እየተነፈሱ ገቡ።

«ቤት እያዩ ወደዚህ እየመጡ ነው» አሉ። ደልደል ያለችውን እናቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና፣ «ተኚ። ወልደሻል።»

«ምን ወለድሁ?»

«ሴት ነዋ። ወንድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፣ ሴት በሰማንያ፤ እስከዚያ አራስ ቤት ማን ይደፍራል? ዛሬ ወንድ ልጅ ምን ይረባናል?»

እናቴ ተኛች። ሁለት ጎረቤቶች ተጠርተው እልልታው ቀለጠ። ለሴት ልጅ ሦስት ነው፣ ለወንድ ሰባት፤ አንደኛዋ ከልማድ አራተኛውን ስትጀምር አዋላጇ አፏን በመዳፋቸው ከደኑት። እኔ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በነጠላ የተጠቀለለች የፍየል ግልገል ታቅፌያለሁ።

ጣሊያኑ ሹምና አስተርጓሚው ደጃፉ ላይ ደረሱ። አስተርጓሚው ከሌላ አገር የመጣ፣ በየሰንበቱ የሚቀድስ ዲያቆን ነው።

«ይግቡ ጌታዬ» አሉት አዋላጇ። «አራስ ብቻ ናት ያለችው።»

አስተርጓሚው ያነሳውን እግር መለሰ። አራስ ቤት የገባ ዲያቆን መቅደስ አይገባም። ይኸኔ ግልገሏን ቆነጠጥኋት።

«ድምጿ ወፈር ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«በአባቷ ወጥታ ነው።»

ሹሙ ትዕግሥቱ አልቆ ሊገባ ሲል፣ አስተርጓሚው በቋንቋቸው የሆነ ነገር አለው። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሹሙ ግን መሐረቡን አፍንጫው ላይ ለጥፎ፣ የኋሊት እስከ አጥሩ ድረስ ሄደ።

አስተርጓሚው ተከትሎት ሊወጣ ሲል ዞር አለ። «እንኳን ማርያም ማረቻት። ነገ ጠዋት ባለቤቴ ለአራሷ ቅቤ ይዛ ትመጣለች። ልጅቱን ታቅፋ ሳትስም አትመለስም።»

ሁለቱም ሄዱ።

«ግልገል ልትስም ነው?» አለች እናቴ ከመኝታዋ።

«ያወቁ ለት ቤቱም ይሄዳል፣ እኛም እንሄዳለን» አሉ አዋላጇ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወንዝ ማዶ የሚኖሩት አክስቴ ሕፃን ነበረቻቸው፤ ልጅ ወዲያ ወዲህ ቢል ደግሞ ማን ልብ ይለዋል?

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አክስቴ ደጅ ቆሜ ነበር። መንገዱን ሁሉ ንግግሬን ሳጠና መጥቼ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «እትዬ፣ ልጅዎን ለዛሬ ጠዋት ያውሱን» አልኋቸው።

ጉዳዩን ሰምተው፣ ስቀው ስቀው ሲያበቁ፣ «ይቺ እኮ ባለፈው እሑድ ክርስትና የተነሳች ናት። ትናንት ተወለደች ብትይ ማን ያምንሻል?» አሉኝ።

«በአባቷ ወጥታ ነው» አልሁ።

አጥብተው አሳዘሉኝ። ወንዙን እንደተሻገርሁ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ቆምሁ። አወረድኋትና አንገቷን አየሁ። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ማተብ የለውም። ክሩን ወደ ጥቅልሉ ውስጥ ከትቼ እስከ አገጯ ሸፈንኋት፤ ከዚያ መልሼ አዘልኋትና፣ ቅቤ የያዘችው ሴትዮ ሳትቀድመኝ እህቴን ወደ ቤታችን አስገባኋት።