የእባቡ ግራዋ

ከልደታ ቤተክርስቲያን ቁልቁል፣ ከጓሯችን ጥቂት ወረድ ብሎ ወንዝ አለ። በልጅነቴ ዳርቻውን ግራዋ ሞልቶት ነበር። በደርግ መጨረሻ ዘመን ወጣቱ ለውትድርና ሲታፈስ፣ እናቴ አፈሳ በሰማች ቁጥር እዚያ ግራዋ ውስጥ ትከተኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። እኔንም ከወሰዱኝ ምን ይቀራታል?

የዚያን ቦታ ብርሃን ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ። አረንጓዴ ነው፤ ውሃ ውስጥ የተኛሁ ይመስለኛል። ወንዙ ያጉተመትማል፣ ከላይ ደወል ይሰማል፣ ጠዋት ይሁን ማታ ይጠፋኛል። ፍርሃቴም ሳይቀር እዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው ነበር።

አጠገቤ አንዲት የጥድ ችግኝ ነበረች። ቀበሌው ለተከላ ዘመቻ ሰፈሩን ሁሉ ሲያወጣ፣ መመንጠር የሰለቸው ሰው ግራዋው ሥር ወሽቋት ሄዷል። ፍየል አይደርስባትም፣ ፀሐይም አያገኛትም። ገርጥታ፣ አንገቷን አስግጋ፣ ቅጠሉ መሐል ወዳለች ቀዳዳ ታያለች። እኔም የማየው ወደዚያችው ቀዳዳ ነበር። ወደድኳት።

ሚያዝያ ላይ ጉድ መጣ። ለግንቦት ልደታ ጠላ ሊጠመቅ ነውና የሰፈሩ ሴቶች ለጋን ማጠቢያ ግራዋ ሊሸመጥጡ ወረዱ። ሁልጊዜም ዳርቻውን መላጣ አድርገውት ነው የሚመለሱት። እኔ ውስጥ ነኝ። እናቴ እያለከለከች ስትደርስ ሰማኋት።

"ኧረ ያኛውን እንዳትነኩ! እባብ አይቼበታለሁ!"

እናቴ ውሸት አታውቅበትም፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ጠጋ አሉ።

"ትልቅ ነው እባቡ?"

"አዎ እማማ፣ ትልቅ ነው።"

"ምሳውን በልቷል?"

አንዷ ሳቋ አመለጣት። አሮጊቷ ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው፣ ቅጠል ላይ አድርገው ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉልኝ። እጃቸው ብቻ ነው የታየኝ። ከዚያ ሌላውን ቁጥቋጦ ሁሉ ሸምጥጠው የኔን ዘለውት ሄዱ። ቆሎውን እያለቀስኩ በላሁት።

ግንቦት ሳያልቅ ደርግ ወደቀ። ክረምቱ ሲገባ፣ ሴቶቹ በሸመጠጡት በኩል የነበሩት ችግኞች ብርሃን አግኝተው ሽቅብ ተመዘዙ። የኔዋ ግን ያው ናት፤ ጫፏ መድረቅ ጀምሯል፣ ሥሯ ግን ገና ነፍስ አለው። ላተርፋት ቸኮልኩ፤ ማጭድ ይዤ ግራዋውን ልቆርጥላት ወረድኩ።

እናቴ ከኋላዬ ደርሳ እጄን ያዘችኝ።

"ተው ልጄ፣ አትቁረጠው። አሁን ደግሞ የደርግ ወታደር ነው የሚፈለገው። ወንድምህ ሲመጣ የት ይደበቃል?"

ማጭዱን ሰጠኋት።

ችግኟ በዚያው ደረቀች። ወንድሜም አልመጣም። ሴቶቹ ግን እናቴ እስክታርፍ ድረስ፣ ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ያንን ግራዋ ሳይነኩት ያልፉ ነበር።