ሻይ የተከለከለችው እናቴ

"ዶክተር፣ ሻይ ብጠጣ ቶሎ እሞታለሁ?"

ዛሬ ጠዋት እናቴ ሐኪሙን የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው። ስለ መድኃኒቱም፣ ስለ ምርመራው ውጤትም አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ ቤታችንን ጠያቂ ተለይቶት አያውቅም። አንዷ ጎረቤት "ሻይ በሽታውን ያብስብሻል" ትላታለች። ሌላዋ "አቦ ተዪያት! ዕድሜ የሚያረዝመው ሻይ ነው፣ ቡናውን ነው መተው" ትላለች።

ሁለቱም ይህን የሚሉት እኔ ያፈላሁትን ሻይ እየጠጡ ነው። (ይደገምልንም ይላሉ። ወላሂ ደክሞኛል።)

እናቴ በጃንሆይ ጊዜ ከዚራ በሚባለው የባቡር ሰፈር ያደገች የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በወተት የፈላ ሻይ ሳትጠጣ ውላ አታውቅም። ጠያቂ እንዳይቀየማት ብላ ግን ተወችው።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። "እናቴ፣ ሻይም ሆነ ቡና ዕድሜ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል ብዬ ልነግርዎት አልችልም። ከተስማማዎት ይጠጡ።"

ቤት እንደገባን ወተቱን አብዝቼ አፈላሁላት። አንዴ ፉት አለችና ብርጭቆውን አስቀመጠችው።

"ምነው ኡሚ?"

"ብረት ብረት ይላል። መድኃኒቱ የአፌን ጣዕም አጥፍቶታል።"

ብርጭቆውን ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ተዪው፣ ፊቴ ይቀመጥ። ጠያቂዎቹ አሁን ይመጣሉ፤ ስጠጣ ይዩኝ።"

እናንተስ ቤት ጠያቂ በሽተኛውን ምን ከለከለው? ጻፉልኝ፤ ለመጪዎቹ ሻይ እያፈላሁ አነበዋለሁ።