ያልታረደው በሬ

ይህን ያደረገኝ ልጄን ክርስትና ያነሳው ሰው ነው። አስቀድሜ የምናገረው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እስከ ዛሬ ከሆዴ ይወጣ ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

አበልጄና እኔ የተዋወቅነው አሜሪካ፣ ግሮቭ ሲቲ የሚባል ከተማ፣ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ስንሠራ ነው። ሁለታችንም በዲቪ የመጣን፣ ሁለታችንም ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር ቤት የተከራየን ነበርን። ባለቤቴ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ብዙውን ጊዜ ቤት የለም። መኪናዬ በብርድ አልነሳ ስትል መጥቶ የሚያስነሳልኝ፣ ነፍሰ ጡር ሆኜ ከባዱን ካርቶን ከእጄ የሚቀበለኝ እሱ ነበር። ወንድ ልጅ ስወልድ ሌላ የክርስትና አባት አላሰብንም።

የሥጋውን ነገር የጀመርነው እንደ ቀልድ ነው። አበልጄ ከከተማው ወጣ ብሎ ከብት የሚያረቡ አንድ ነጭ ሽማግሌ ገበሬ አገኘ። ሰውየው በሬውን በቁሙ ይሸጣሉ፤ ገዢው እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ራሱ ቢያርድ አይከለክሉም። ለፋሲካ ጥቂት ቤተሰቦች ሆነን ቅርጫ ገባን። አበልጄ በስመ አብ ብሎ አረደ፣ ወንዶቹ መደብ መደቡን ከፋፈሉ። ጉበቱና ጨጓራው ሲወጣ ትልልቅ ሰዎች እንደ ልጅ ፈነደቁ።

"ለምን ሁልጊዜ አናደርገውም?" አለኝ አበልጄ እጁን እየታጠበ።

ሥራውን ተከፋፈልን። እሱ ገበሬው ዘንድ ይሄዳል፣ ያርዳል፣ ይበልታል። እኔ ስልክ አነሳለሁ፣ ኦርደር እቀበላለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋውን በመኪናዬ ለየቤቱ አደርሳለሁ። ሞርስ ሮድ ላይ ስንት የሐበሻ ሱቅ እያለ ሰው የእኔን ቀን ይጠብቅ ጀመር። አዲስ ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ "ማን ነው ያረደው?"

"አበልጄ ነው፣ በገዛ እጁ" እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጥያቄ የለም።

ከደንበኞቻችን መካከል ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እትዬ ነበሩ። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ማን እንዳረደው የማያውቁትን ሥጋ ቀምሰው አያውቁም። እዚህ የተወለዱት ልጆቻቸው በዚህ በእንግሊዝኛ ይቀልዱባቸው ነበር። የእኛን ግን በሉ። መጀመሪያ ያደረስኩላቸው ቀን በሩ ላይ አቁመው መረቁኝ።

የአሜሪካው በጋ፣ ሰመር፣ ካለፈ በኋላ ጉበቱና ጨጓራው መምጣቱን አቆመ። አበልጄን ስጠይቀው "ገበሬው አዲስ ሕግ አለብኝ አለ፣ የሆድ ዕቃ አያስወጣም" አለኝ። ለሰዎቹም ይህንኑ ነገርኳቸው። ሥጋው ተቆራርጦ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ ይደርሰኝ ጀመር። ሥራ ስላቀለለልኝ እንዲያውም አመሰገንኩት።

ገና ሊደርስ ሲል ኦርደር በዛ። አንድ በሬ እንደማይበቃ ገባኝና ሁለተኛ እንዲያስይዝ አበልጄን ኮል ባደርገው አያነሳም። የዚያን ቀን ኦፍ ስለነበርኩ ራሴ ወደ ገበሬው ነዳሁ። ከፋሲካው ወዲህ እዚያ ሄጄ አላውቅም። ሽማግሌው ከትራክተራቸው ወርደው ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"መጣችሁ እንዴ!" አሉኝ። "ሌላ ገበሬ ያገኛችሁ መስሎኝ ነበር።"

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። "ጓደኛዬ ኅዳር ላይ፣ ከታንክስጊቪንግ በፊት መጥቶ አልነበረም?"

"ጓደኛሽን ያየሁት ሰመር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ከብት አልሸጥኩላችሁም። ደህና ነው?"

"ደህና ነው" አልኳቸው።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የፈለግኩት እሱን የሚያድን ምክንያት ነበር። ሌላ እርሻ አግኝቶ ይሆናል፣ ሊነግረኝ ረስቶ ይሆናል። ከዚያ ጨጓራው ትዝ አለኝ። ሞተሩን አስነስቼ ወደ ቤት ነዳሁ።

ከሥራ ሲወጣ ቤቴ እንዲመጣ ቴክስት አደረግኩለት። መጣ። ልጄ እንደ ልማዱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። ልጁን ወደ ክፍሉ ልኬ "ሥጋው ከየት ነው የሚመጣው?" አልኩት።

ኮቱን ሊያወልቅ ጀምሮ ተወው። "ከጅምላ መሸጫ ነው" አለ። "በካርቶን። እዚያ ድረስ እየነዱ፣ እያረዱ፣ ተመልሶ ዌርሃውስ መግባት ገደለኝ፣ አበልጅ። ሥጋ ሥጋ ነው። የታመመ ሰው አለ? ያማረረ ሰው አለ?"

"አበልጄ ነው ያረደው እያልኩ እኮ ነው የምሰጣቸው!"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ መዋሸት አትችይበትም፤ ፊትሽ ላይ ያስታውቃል። ሰው የሚያምነው አንቺን ነው። አለማወቅሽ ነው የጠቀመን።"

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ያመሰገነኝ ነበር የሚመስለው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ቢጠላኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን አወቀኝ፣ ቤቴ ገብቶ እየበላ እየጠጣ ልቤን አጠናው፣ ከዚያም ውሸቱን የሚሸጥለት ያው የምታመንበት አፌ እንደሆነ ደረሰበት።

"ውጣልኝ" አልኩት።

ገና ሳይደርስ ሥጋ ሳልይዝ በየደንበኞቻችን ቤት ዞሬ እውነቱን ተናገርኩ። አንዳንዶቹ ሰደቡኝ። አንዳንዶቹ "አብራ በልታ ስትጣላ ነው የተናገረችው" ብለው ከጀርባዬ አወሩ። የባሰብኝ ግን "አታካብጂው፣ እዚህ አገር ምን የማንበላው አለ" ያሉኝ ናቸው።

እትዬ ቤት መጨረሻ ደረስኩ። እንድቀመጥ ቢለምኑኝም ቆሜ ነገርኳቸው። "ሲበሉት የነበረውን ሥጋ ማን እንዳረደው አላውቅም፣ እትዬ። እኔም ተታልዬ ነው።"

"የተዝካሩስ?" አሉ።

የባለቤታቸውን ተዝካር ያወጡት መስከረም ላይ ነው። ሥጋውን እስከ ማድቤታቸው ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ካህናቱ በልተዋል፣ ጎረቤቱ በልቷል።

"የተዝካሩም" አልኳቸው።

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። "አንቺን አልቀየምሽም" አሉ። "አሁን ግን ሂጂልኝ፣ ልጄ።" ከዚያ ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም።

አበልጄ ሽማግሌ ላከብኝ። የንስሐ አባታችን እሱንና ሁለት ሰዎች ይዘው መጡ። "በመካከላችሁ ልጅ አለ" አሉኝ። እሱም ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለና "ስላስከፋሁሽ ይቅርታ" አለ። ስለሌሎቹ፣ ስለ እትዬ፣ አንድ ቃል አልተናገረም። አነሳሁት፣ ጉንጩን ሳምኩት፣ ታረቁ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ብቻውን መሸጥ እንደ ጀመረ ሰማሁ። እኔን ከሰደቡኝ ሰዎች አንዳንዶቹ ከእሱ ይገዛሉ። እቤት ድረስ ያመጣላቸዋል።

ለፋሲካ "ለልጁ" ብሎ አንድ የበግ እግር በራችን ላይ ትቶ ሄደ። ልጥለው አንስቼ ምግብ መጣል ከበደኝና ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ አገኘው።

"ሰውየው ይቅርታ ጠይቆሻል እኮ" አለና አውጥቶ ጠበሰው።

ልጄ በእንግሊዝኛ ከክርስትና አባቱ እንደሆነ ጠየቀ፤ አባቱ አዎ ሲለው ደስ አለው። ሁለቱ እየተጎራረሱ በሉ። እኔ ለራሴ እንቁላል ጠበስኩና አብሬያቸው ቀረብኩ።