ክፍልፋይ አይፈቀድም

ባለቤቴን የተዋወቅሁት ከአምቦ ጉደር በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሁለታችንም ጉደር እናስተምር ነበር፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ባዮሎጂ። ጨዋታውን ያስለመደኝም እሱ ነው። ከፊታችን ከሚሄደው መኪና ታርጋ አራት ቁጥር ይጠራል፤ ደምረን፣ ቀንሰን፣ አባዝተን፣ አካፍለን ሃያ አራት ላይ ለመድረስ እንሽቀዳደማለን። ያን ጊዜ ስቀድመው ይስቅ ነበር።

ከተጋባን በኋላ፣ አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ጓደኞቹ ቤታችን ምሳ በሉ። አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አንድ ብሎ ሰጣቸው። ሲያቅታቸው መልስ የለውም አለ። እኔ ወጥ እየጨመርኩላቸው ነበር።

«አንዱን ለአምስት አካፍለውና ከአምስት ቀንሰው፤ የቀረውን በአምስት አባዛው» አልኩት።

አንዱ ጓደኛው በስልኩ አስልቶ ልክ መሆኑን ሲያይ በኦሮምኛ አሞገሰኝ። ባለቤቴ ግን «ክፍልፋይ አይፈቀድም» አለ። እንዲህ የሚል ሕግ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ለቀናት አላናገረኝም። ከዚያ ወዲያ መልሱ ቢመጣልኝም ዝም ማለት ለመድኩ። ቤቱም ሰላም ሆነ፣ ያ ሰላም ከተባለ።

ልጃችን አምስተኛ ክፍል ስትገባ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ገዝቶ ሳሎን ሰቀለላት። አንድ ቀን ሁለት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ዓይኗ በራ። ከዚያ አባቷን ቀና ብላ አየችውና አቃተኝ አለች። እሱ ደስ ብሎት ሰባትና ዘጠኝን ደመረ፣ በሁለት አባዛ፣ ስምንት ቀነሰ። እሷም አዲስ ነገር እንደሰማ ሰው ራሷን ነቀነቀች። ያን አነቃነቅ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ማድ ቤት ጠርቼ ለምን እንደዋሸች ጠየቅኋት።

«አባዬ ሲሸነፍ አያናግረንም» አለችኝ፣ ሳህን እያደረቀች።

በሚቀጥለው እሑድ እሱ ቁጥሮቹን ጽፎ እንደጨረሰ መልሱን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ልጄ እንድትሰማ ብዬ ነበር። እሱ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ «በሉ እናንተው ተጫወቱ» ብሎ ወጣ። ልጅቷ እኔን ተቆጣችኝ። ሰሌዳው ላይ ከዚያ በኋላ ማንም አልጻፈም።

ዘንድሮ ካርዷ ሲመጣ ዝቅተኛው ውጤቷ ሒሳብ ነው። እኔ ሳዝን እሱ ብዙም አልከፋውም። ምሳ የመጡ እንግዶች ሲጠይቁት ፈገግ ብሎ፣ «ሒሳብ ላይ በእናቷ ወጣች» ይላል። እኔም ወጥ እጨምርላቸዋለሁ።