የጋኤታኖ ጠርሙስ፣ የኑንዚዮ ወይን

ኑንዚዮ ስካርፓቲ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ የቤዮን ሰው ነው። ቤዮን ኒው ጀርሲ ውስጥ ውኃ በሦስት ጎን የከበባት ከተማ ናት። የሽርሽር መርከቦች የሚነሡት ከዚያው ከሠፈሩ ወደብ ስለሆነ፣ ሚስቱ ፊሎሜና ሰሃን ስታጥብ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረደረበት መርከብ ከጎረቤት ጣሪያ ጀርባ ቀስ ብሎ ሲያልፍ በመስኮቷ ታየዋለች። "ደህና ግቡ!" ትልና ወደ ሳሙናዋ ትመለሳለች።

ኑንዚዮ አንድ አመል አለበት። በየመስከረሙ ወይን ፍሬ በሣጥን በሣጥን ገዝቶ ይመጣና ምድር ቤት ወርዶ ይጨምቃል፣ በበርሜል ይከታል፣ ከዚያ እንደ አራስ ሴት ጧትና ማታ እየወረደ ይጠይቀዋል። አባቱም አያቱም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በዚያ ሠፈር ማን ጠመቀ ማን አልጠመቀ የሚታወቀው በጠረኑ ነው። ስለ ኑንዚዮ ወይን ጣዕም ግን ሠፈሩ ብዙ አይናገርም፤ ሰው ደግ ነው። ቄሱ እንኳ አንድ ጊዜ ቀምሰው፣ ጥቂት አስበው፣ "እግዚአብሔር የልብን ያያል" ብለው ብርጭቆውን አስቀመጡ አሉ።

ያለፈው ዓመት ግን ሌላ ሆነ። የፍሬው ደግነት ይሁን የአየሩ፣ ወይስ እግዜሩ ራሱ ታክቶት፣ ከበርሜሉ የወጣው ነገር እውነተኛ ወይን ጠጅ ነበር። ኑንዚዮ ምድር ቤት ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ብርጭቆ ጠጣና ዓይኑ እንባ አቀረረ። የቸገረው ምስክር ማግኘቱ ነው። "ጥሩ ሆነልኝ" ቢል ማን ያምነዋል? በየዓመቱ እንዲያው ሲል ነው የኖረው! ከዓለም ሁሉ "ጥሩ ነው" እንዲልለት የሚፈልገው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ጋኤታኖ።

ጋኤታኖ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከድልድዩ ማዶ ስታተን አይላንድ የሚኖር፣ የቀድሞ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ወይን ስለ መቅመስ የሚያስተምሩበት ቦታ ገብቶ ጥቂት ምሽት ተማረና እንደ ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ። ብርጭቆውን ያዞራል፣ አፍንጫውን እስከ ግንባሩ ይከታል፣ ከዚያ "እርጥብ ድንጋይ... ያረጀ ኮርቻ..." ይላል። ማን ድንጋይ አስልሶት፣ ማን ኮርቻ አብልቶት እንደሚያውቅ እግዜር ይወቅ። ገናም ይሁን ፋሲካ ኑንዚዮ ሊቀዳለት ሲያጎነብስ መዳፉን በብርጭቆው አፍ ላይ ይከድናል።

"ይቅርብኝ ወንድሜ፤ ለሰላጣው ኮምጣጤ ይሆናል፣ አስቀምጥልኝ።"

ገበታው በሳቅ ይፈርሳል። ኑንዚዮም አብሮ ይስቃል፤ የሚስቀው ግን በከንፈሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ የኑንዚዮና የፊሎሜና ሃምሳኛ የጋብቻ በዓል ሲደርስ ልጆቻቸው አዋጥተው የመርከብ ሽርሽር ገዙላቸው። ጋኤታኖም "እህቴን ብቻዋን ከዚህ ቧንቧ ሠሪ ጋር ባሕር ላይ አልለቅም" ብሎ የራሱን ክፍል ቆርጦ ተከተለ። መርከቡ ሕግ አለው፦ በመሳፈሪያው ቀን ለአንድ ሰው ከሱቅ የተገዛ፣ ያልተከፈተ አንድ ጠርሙስ ወይን ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ በእራት ገበታ ላይ ለሚከፍትልህ የመክፈቻ ትከፍላለህ። ቤት የተጠመቀ ግን እንኳን ጠርሙሱ ሽታውም አይገባም።

ይህን ሕግ ኑንዚዮ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከጥቂት ዓመት በፊት ከደብሩ የመቁጠሪያ ማኅበር ሴቶች ጋር በሄዱበት ጉዞ ወይኑን በአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ሞልቶ በሻንጣ ሊያሳልፍ ሞክሮ ነበር። ፈታሹ ጠርሙሱን አወጣና፣ "መጉመጥመጫ ነው ካሉ እስቲ ይጉመጥመጡበት" አለው። ኑንዚዮ ተጎነጨ፣ ጉንጩን ነፋ፣ ግራ ቀኝ አንገጫገጨ። ኋላ የት ይትፋው? የልማዱን ዋጠው። ከዋጠም በኋላ፣ አጉል አመል፣ "እፎይ" አለ። የማኅበሩ ሴቶች በሙሉ እዚያው ተሰልፈው ነበር። ፊሎሜና ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትቀመጠው በኋለኛው ወንበር ነው።

ስለዚህ አሁን ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት ምድር ቤቱ በር ላይ ቆማ ያዘችው።

"ከዚህ ቤት አንዲት ጠብታ መርከቡ ላይ ብትወጣ፣ እኔ በዚያው መሰላል ወርጄ በእግሬ ቤቴ እገባለሁ። ሃምሳኛህን ከጋኤታኖ ጋር ታከብራለህ። በእናቴ መቃብር ማልልኝ።"

"ፊል፣ እኔን አታምኚኝም?"

"ስለማውቅህ ነው የማላምንህ። ማል!"

ማለ። እጁ ደረቱ ላይ፣ ዓይኑ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ነበር።

ለካ ዕቅዱን ቀድሞ ጨርሷል። ፋሲካ ዕለት ጋኤታኖ ይዞት መጥቶ፣ "ወይን ማለት ይህ ነው፤ ተማር" እያለ የጠጣው ጠርሙስ ባዶውን ምድር ቤት ተቀምጧል። የተለጠፈበት ሥዕል ግንብና ሁለት ጽድ ነው፤ ወረቀቱ አንዲት ጭረት የለበትም። ኑንዚዮ አጥቦ የራሱን ወይን ሞላበት፣ በእጅ ማሽኑ አዲስ ቡሽ መታበት፣ አንገቱ ላይ ቀይ ላስቲክ አለበሰና እንዲጣበቅ የፊሎሜናን የፀጉር ማድረቂያ አምጥቶ ይነፋበት ጀመር።

"ኑንዚዮ!" አለች ከላይ። "ምድር ቤት ውስጥ ፀጉርህን ነው የምታደርቀው?"

"አዎ!"

"የቱን ፀጉር?"

ራሰ በራው ኑንዚዮ መላጣውን ዳሰሰ። "ቧንቧ! ቧንቧ ነው የማደርቀው!"

ዕቅዱ ቀላል ነው። ጋኤታኖ ይጠጣል፤ ያ የፋሲካው ወይን መስሎት ያመሰግናል፤ ያኔ ኑንዚዮ ብድግ ብሎ እውነቱን ያወጣል። በሬ ሳሩን እንጂ ገደሉን አያይም እንደሚባለው፣ ብድግ ሲል ሚስቱም እዚያው ገበታ ላይ እንደምትኖር አላሰበበትም።

ወደቡ ላይ ጋኤታኖ የራሱን ጠርሙስ እንደ ሕፃን ታቅፎ ደረሰ። የኑንዚዮን ጠርሙስ ሲያይ ጮኸ።

"ግንቡ! የእኔው ወይን! ፊል፣ ባልሽ እኮ ሰው ሆነ!"

ፊሎሜና ጠርሙሱን አየችው፣ ባሏን አየችው። "መቼ ገዛኸው?"

"ያው... አሁን በቀደም። ወንድምሽን ላስደስት ብዬ።"

ፊቷ በራ፤ ክንዱንም ያዘችው። ይህ ኑንዚዮን ከፈታሹ የበለጠ አስደነገጠው። ፈታሹማ ጠርሙሱን በመሣሪያው ውስጥ አሳለፈ፣ ቀዩን ላስቲክ ነካ አደረገ፣ "መልካም በዓል" ብሎ መለሰ።

በመጀመሪያው ምሽት ሦስቱም ለብሰው አጊጠው ገበታ ቀረቡ። መርከቡ ከወደብ ከወጣ ቆይቷል፤ በመስኮቱ የሚታየው ውኃ ብቻ ነው። አስተናጋጃቸው ሮዴል የሚባል ፈገግታው የማይጠፋ ፊሊፒናዊ ነው። የኑንዚዮን ጠርሙስ ተቀብሎ ቡሹን ሳበ፣ ወጣ፣ አገላብጦ አየው። የሱቅ ወይን ቡሽ ላይ የጠማቂው ስም ይታተማል፤ ይሄኛው ባዶ ነው፣ እንደ ሕፃን ድድ። ሮዴል አሸተተው። ከዚያ ኑንዚዮን አየው። የኑንዚዮ ሸሚዝ ከጀርባው ተጣበቀ።

"ቡሹን አምጣው እስቲ" አለ ጋኤታኖ እጁን ዘርግቶ። "ወይን በቡሹ ነው የሚታወቀው።"

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ወደቀብኝ" አለ ሮዴል፣ ቡሹን ወደ ኪሱ እየከተተ። ሲቀዳ ወደ ኑንዚዮ ጎንበስ ብሎ፣ "አያቴ ከኮኮናት ይጠምቁ ነበር" አለው በሹክሹክታ።

ጋኤታኖ ብርጭቆውን አዞረ። አፍንጫውን ከተተ። ዓይኑን ጨፈነ። ጋኤታኖ ተጎነጨ፣ በአፉ ውስጥ ወዲህ ወዲያ አመላለሰው፣ ዋጠ።

"እ?" አለ ኑንዚዮ።

"ምን እ ትላለህ? ይህ ነው ወይን! ፋሲካ ዕለት ከጠጣሁት ይበልጣል። የቆየ ነው፤ ልብ አለው። ይኸን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ!"

"አሜን" አለ ኑንዚዮ ሳያስበው።

"አየህ ልዩነቱን? አንተ መቶ ዓመት ብትጠምቅ እዚህ አትደርስም። ሙያ ነው፣ ወንድሜ፤ ቧንቧ መግጠም አይደለም። ሮዴል፣ ድገመኝ!"

የኑንዚዮ ጊዜ ደረሰ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። አፉን ከፈተ። ይህን ጊዜ ፊሎሜናን አያት። ብርጭቆዋን አንድ ጊዜ ብቻ ተጎንጭታ አስቀምጣዋለች፤ ዳቦ እየቆረሰች ነው፣ በጣም በዝግታ። ተናግሮ ቢያስረዳ በእናቷ መቃብር የማለውን ማፍረሱ ይጋለጣል። ዝም ቢል ይህ ምስጋና ግንብና ጽድ ላለው፣ ለማያውቀው ጠማቂ ሊሄድበት ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ መታገሥ አልቻለም።

"ጋኤታኖ፣ የጠጣኸው የእኔ ነው።"

"አውቃለሁ፣ አንተ ነህ የገዛኸው።"

"አልገዛሁትም። የጠመቅሁት ነው። ጠርሙሱ የፋሲካው ነው፤ ወይኑ የምድር ቤቴ ነው።"

ጋኤታኖ አየው። ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ፤ ከጎን ያለው ገበታ ሁሉ ዞሮ አየ።

"ፊል፣ ባልሽ በወይኑ ቀና! ግንቡንስ ማን ሠራው፣ አንተው ነህ? ጽዶቹንስ አንተ ተከልካቸው?"

"እውነቴን ነው! በእናቷ መቃ—"

"የእናቴን መቃብር ተወው" አለች ፊሎሜና ከዳቦዋ ቀና ሳትል። "ሰሞኑን ሥራ በዝቶበታል።"

ኑንዚዮ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

"ፊል፣ ወይኔን ታውቂዋለሽ። ንገሪው።"

"ምን ልንገረው? የእኔ ባል ከምድር ቤት አንዲት ጠብታ አላወጣም ብሎ ምሎልኛል። የእሱ ወይን ነው ካልኩ ባሌ ሐሰተኛ ነው። የሱቅ ነው ካልኩ ባሌ እውነተኛ ነው። ሃምሳ ዓመት ከማን ጋር ኖርሽ ብባል የትኛውን ልበል? አንተ ምረጥልኝ።"

ሮዴል የተጣጠፈ ፎጣ እንደገና ማጣጠፍ ጀመረ። ኑንዚዮ ጋኤታኖን አየ፤ በግማሽ ፈገግታ እየጠበቀ ነው። ሚስቱን አየ፤ እሷ ፈገግ አላለችም።

"ሐሰተኛውን" አለ ኑንዚዮ። አንገቱን ደፋ። "ሐሰተኛ ነኝ፣ ፊል። ወይኑ ግን እውነተኛ ነው።"

ፊሎሜና ከንፈሯን ነከሰች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ኑንዚዮ ለቅሶ መስሎት ደነገጠ፤ ለካ ሳቅ ነው የያዛት።

"ከመጀመሪያው ጉንጭ አውቄዋለሁ" አለች። "ሃምሳ ዓመት ጉሮሮዬን ሲያቃጥለኝ የኖረውን እኔ ልስተው? ዘንድሮ ማቃጠሉን ትቶ ነው እንጂ ጠባዩ ያው ነው። ጋኤታኖ፣ እስቲ ሳቅ በል።"

"ምን?"

"ጥርስህን አሳየን።"

ጋኤታኖ ግራ ገብቶት ጥርሱን ገለጠ። የኑንዚዮ ወይን ውስጡ ድረስ ከጠቆረ ፍሬ ስለሚጨመቅ ጥርስ ያቀልማል፤ የቤቱ ገበታ ጨርቆች ሁሉ በዚህ ተበላሽተዋል። ያ የግንቡ ወይን እንዲህ አያደርግም። የጋኤታኖ ጥርስ ከዳር እስከ ዳር እንጆሪ ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ወይን ጠጅ መስሏል። ሮዴል ምንም ሳይል የተወለወለ የሾርባ ማንኪያ አቀረበለት። ጋኤታኖ በማንኪያው ጀርባ ራሱን አየ። አገላበጠና በሆዱም አየ። በሁለቱም በኩል ያው ነው።

"ነገ ጧት የዳንስ ትምህርት አለ" አለች ፊሎሜና ወደ ባሏ ዞራ። "ነገም ከነገ ወዲያም፣ ወደብ እስክንመለስ። ከመሰላል ወርጄ እሄድ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ውኃ ላይ ነን።"

"ወገቤን ያመኛል እኮ፣ ፊል።"

"መሐላ ስታፈርስ አላመመህም።"

ኑንዚዮ የዳንሱን ነገር በደንብ አልሰማውም። ዓይኑ ጋኤታኖ ላይ ነበር። ጋኤታኖ ማንኪያውን አስቀመጠ። አንገትጌውን አስተካከለ። የራሱን ውድ ጠርሙስ፣ ገና ያልተከፈተውን፣ በአንድ ጣቱ ወደ ገበታው ዳር ገፋው። ከዚያ ባዶ ብርጭቆውን ወደ ኑንዚዮ አቀረበ፤ መዳፉን አልከደነበትም።

ኑንዚዮ ጠርሙሱን አዘነበለ። ምንም። ወደ መብራቱ አንሥቶ አየው።

"አልቋል። አተላ ነው የቀረው።"

"አተላውን ቅዳ" አለ ጋኤታኖ።

ኑንዚዮ ቀዳ። እንደ ጭቃ ውኃ ዱብ ዱብ ብሎ ወረደ። ጋኤታኖ አላዞረውም፣ አላሸተተውም፣ ድንጋይም ኮርቻም አልጠራም፤ አንሥቶ ተጎነጨ። ኑንዚዮ በገበታው ላይ ተንጠራርቶ ጠበቀ። ፊሎሜናም ጠበቀች። ሮዴል እንኳ ሌላ ገበታ እየተጠራ ቆሞ ጠበቀ።

"እህሳ?" አለ ኑንዚዮ። "ጥሩ ነው?"

"ዝም በል" አለ ጋኤታኖ፣ ከንፈሩ ላይ የቀረውን አተላ እየላሰ። "እየጠጣሁ ነው።"